ሰርቨሩ ስለሠራ ደህና ነው ማለት አይደለም

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ከኮምፒውተሩ ዓለም ይህን ተረት የሚመስል ነገር ፈልጉ ብንባል ሬይድ አንድ የሚባለውን የዲስክ አደረጃጀት የሚያህል የምናገኝ አይመስለኝም። ሁለት ዲስኮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሚረር፣ ማለትም መስታወት፣ የተባለውም ለዚህ ነው። ሁላችንም በኮርስ ተምረነዋል። «የሬይድ ዜሮንና የሬይድ አንድን ልዩነት አብራራ» የሚል ጥያቄ መጥቶልንም ጥርት አድርገን መልሰን ነጥባችንን ወስደናል።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ፈተና ላይ መጥቶ የማያውቀውን ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ መታመም ሲጀምር ምን ይደረጋል? ማን ያደርገዋል? በስንት ቀን ውስጥ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። በእኔ እምነት መስታወት የተደረገ ዲስክ ጊዜ ይገዛልናል እንጂ ዳታ አያድንልንም። ዳታውን የሚያድነው በዚያ በተገዛው ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ የታመመውን ዲስክ የሚቀይር ሰው ነው። ስለዚህ ዲስኩ ጨርሶ እስኪሞት መጠበቅ የለብንም፤ ምትኩ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ የሚቀይረው ሰውም በስም መታወቅ አለበት። እኛም ተማሪዎቹ ዲስክ መቀየርን በእጃችን ሠርተን ካላየነው ስለ መስታወት የተማርነው ግማሹን ብቻ ነው።

«ይሄ የሰርቨር ክፍል ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኧረ ያገባናል! አንድ የዲፓርትመንት ሰርቨር ላይ ምን ምን እንደሚቀመጥ እስቲ እናስበው። የተማሪ ውጤት አለ። መምህራን ለዓመታት ያዘጋጁት የማስተማሪያ ጽሑፍ አለ። አራት አምስት ልጆች እንቅልፍ አጥተው የጻፉት የሲኒየር ፕሮጀክት ኮድ አለ። ዲስክ በገንዘብ ይገዛል፤ የአንድ ሴሚስተር ድካም ግን ፕሮፎርማ ተሰብስቦለት አይገዛም።

ቀመሩ ውስጥ ያለችው የጥገና ጊዜ

ነገሩን ከምንጩ እንየው። ሬይድ የሚለውን ስም ያወጡት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሲሆኑ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በስሙ ውስጥ ያለችው «አይ» በዚያን ጊዜ «ርካሽ» ለሚለው ቃል የቆመች ነበረች፤ ኋላ ላይ ነው «ራሱን የቻለ» ወደሚለው የተቀየረችው። ዲስክን መስታወት ማድረግ ግን የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ቀድሞም ይሠራበት ስለነበር በጽሑፋቸው ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ አድርገው አስቀመጡት።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኛ ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው አንድ ስሌት አለ። ለሁለት ዲስክ መስታወት ሲቀለል እንዲህ ይሆናል፦ የአንዱን ዲስክ አማካይ ዕድሜ በራሱ እናባዛለን፤ የተገኘውን ለጥገና ጊዜ እጥፍ እናካፍላለን። ውጤቱ ሁለቱም ዲስኮች ሞተው ዳታ እስኪጠፋ ድረስ የሚጠበቀው አማካይ ጊዜ ነው። ልብ በሉ! የጥገና ጊዜ ያለው በአካፋዩ ቦታ ነው። የጥገናው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የመስታወቱ ጥቅም በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት ነው።

ፓተርሰንና ጓደኞቹ በምሳሌያቸው የወሰዱት የጥገና ጊዜ 1 ሰዓት ነበር። ሳያስቡበት የጻፉት ቁጥር አይደለም፤ ምትክ ዲስክ አጠገቡ ያለ፣ የሚሠራውም ሰው የሚታወቅ ሥርዓት አስበው ነው። እኛ ጋ ያንን 1 ሰዓት ወደ 1 ቀን ብናሳድገው ጥበቃው 24 ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ግዥ ተጠይቆ፣ ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ዲስኩ በ90 ቀን ቢደርስስ? 90 በ24 ሲባዛ 2,160 ነው። መጽሐፉ ላይ ያነበብነው አስተማማኝነት በ2,160 ተካፈለ ማለት ነው። ዲስኩ ያው ነው፤ ኮንትሮለሩ ያው ነው፤ የተለየው የእኛ ፍጥነት ብቻ ነው።

መንትያ ዲስኮች

ይህም ቢሆን ቀመሩን አምነን ስንሄድ ነው። ቀመሩ የተሠራው የአንዱ ዲስክ ሞት ከሌላው ሞት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው። በተግባር ግን መስታወት የምናደርጋቸው ሁለቱ ዲስኮች ብዙ ጊዜ መንትያ ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ካርቶን ይወጣሉ፤ በአንድ ቀን ሥራ ይጀምራሉ፤ አንድ ዓይነት ሙቀት ይሞቃሉ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም አንድ ላይ ይደነግጣሉ። አንዱ በአምስት ዓመቱ ሲደክም ሌላው ገና ጎረምሳ ሆኖ እንዲቆይ የምንጠብቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 ቢያንካ ሽሮደር ከዚያው ከጋርዝ ጊብሰን ጋር ሆና ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን ታሪክ መርምራ ነበር። የፋብሪካዎቹ ወረቀት ከ1,000,000 ሰዓት በላይ አማካይ ዕድሜ ይላል፤ ይህ ሲሰላ በዓመት የሚበላሸው ቢበዛ 0.88 በመቶ መሆን ነበረበት። በተግባር ግን በዓመት የሚቀየሩት በአብዛኛው ከ1 በመቶ በላይ ሆነው ተገኙ፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ የተለመደ ነበር፤ እስከ 13 በመቶ የደረሰበትም ቦታ አለ። ከዚህም በላይ ብልሽቶቹ በጊዜ እርስ በርስ የተያያዙ መሆናቸው ታየ።

የመንትያዎችን ነገር ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የተሰማው ወሬ ነው። ኤችፒኢ አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲ ዲስኮቹ በፈርምዌር ስህተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ጸጥ ብለው እንደሚሞቱ አስታወቀ፤ ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ፕሮግራሚንግ የተማረ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ምን እንደተፈጠረ ይጠረጥራል፤ 2 ኃይል 15 ነው። አስቡት እንግዲህ። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን የተሰኩ ሁለት እንዲህ ያሉ ዲስኮች መስታወት ቢሆኑ በአንድ ሰዓት ነው የሚሞቱት። ሁለት መሆናቸው ምን ጠቀመ?

ታማሚው ሲናገር እንስማው

ዲስኮች ከመሞታቸው በፊት የሚሰጡትን ምልክት በተመለከተ የጉግል ባለሙያዎች እነ ኤድዋርዶ ፒንሄሮ በዚያው በ2007 ከ100,000 በሚበልጡ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አውጥተው ነበር። ሁለት ነገር እንማርበታለን። አንደኛ፣ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ የመጀመሪያዋን የንባብ ስህተት ካገኘ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት ዲስክ በ39 እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከሞቱት ዲስኮች ከ36 በመቶ የሚበልጡት ከሙቀት በቀር በስማርት በኩል አንድም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሄዱት።

እነዚህ ሁለት ግኝቶች ሲታዩ የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ አይጣረሱም። ዲስክ ሲናገር እመነው፤ ዝም ሲልም አትመነው ነው የሚሉን። ታዲያ አንዳንዶቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሲናገር «አሁንም እኮ እየሠራ ነው» እንላለን፤ ዝም ሲል ደግሞ «ጤነኛ ነው» እንላለን።

ይህን ስል ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ለኢንተርንሺፕ በተመደብሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ ዲስኮች የአንደኛው መብራት ብርቱካናማ ሆኖ አየሁት። የክፍሉን አንጋፋ ቴክኒሺያን «ጋሼ፣ ይቺ መብራት ምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሷማ ከገና በፊት ጀምሮ እንዲህ ናት። መጀመሪያ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ይረብሸን ነበር፤ ኋላ ጩኸቱን አጠፋነው» አሉኝ።

«ዲስኩስ?»

«ግዥ ጠይቀናል ልጄ። ያው እስኪመጣ በአንዱ እየሠራ ነው፤ ምንም አላለንም።»

እኔ ስሄድ ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ዲስኩ አልመጣም። ሰውዬው ሰነፍ አልነበሩም፤ እንዲያውም ከጧት እስከ ማታ ከአታሚ ወደ ኔትወርክ ገመድ ሲሮጡ የሚውሉ ታታሪ ሰው ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰርቨሩ ስለሚሠራ የሚጮህ ተጠቃሚ የለም፤ የሚጮህ ተጠቃሚ ከሌለ ደግሞ ጥያቄው በግዥ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከሥር ከሥር ይሄዳል። መስታወቱ ሥራውን በደንብ ስለሠራ ብቻ ሕመሙን ደበቀልን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ሰርቨር አንዱን ሲያጣ ባለ አንድ ዲስክ ሰርቨር ነው፤ ልዩነቱ ሁሉም ሰው አሁንም ሁለት እንዳለው አድርጎ መኖሩ ነው።

ሊኑክስ ላይ ይህ ነገር እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ጤነኛ መስታወት በቅንፍ ውስጥ በሁለት «ዩ» ፊደላት ይታያል፤ አንዱ ዲስክ ሲወጣ ከሁለቱ አንዷ ጠፍታ በቦታዋ የግርጌ ሰረዝ ትገባለች። በቃ፣ ይህችው ናት። ፋይሉን ከፍቶ የሚያያት ሰው ከሌለ፣ ወይም ኢሜይል እንድትልክ ካልተደረገች፣ ያች ሰረዝ ለማን ትናገራለች?

ሳይሞት መቀየር

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ጥሩው የመቀየሪያ ጊዜ ዲስኩ ታሞ ገና ሳይሞት ነው። ለምን ቢባል አዲሱ ዲስክ ሲገባ ከነባሩ ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል። 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢገለበጥ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ሰዓታት የቀረው ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሴክተር ይነበባል፤ ለዓመታት ማንም ያልነካው ጥግ ሁሉ ይነካል። እዚያ ጥግ ላይ የተደበቀ የማይነበብ ሴክተር ካለ የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው። የታመመው ዲስክ ተነቅሎ ከወጣ ያንን ሴክተር የሚያቀብለን የለም። የታመመው ዲስክ አሁንም እየተነበበ አብሮ ካለ ግን አንዱ ያጣውን ሌላው ሊያቀብል ይችላል።

ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ አዲሱን ዲስክ ሦስተኛ አድርጎ ማስገባት፣ መስታወቱን ለጊዜው ባለ ሦስት ፊት ማድረግ፣ ግልበጣው ሲያልቅ የታመመውን ማሰናበት ነው። የሊኑክሱ ኤምዲአድም ይህን ይፈቅዳል። ቦታ ከሌለ ነቅሎ መተካት የግድ ነው፤ ያኔ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ መወሰዱ ብቻ ሳይሆን አንድ ሁለት ፋይል ተመልሶ ተከፍቶ ይታይ። መስታወት ባክአፕ አይደለም። የተሰረዘ ፋይል በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፤ ቫይረስ የቆለፈውም በሁለቱም ላይ ይቆለፋል። ጆርናልስፔስ የተባለው የኢንተርኔት ማስታወሻ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ መዘጋቱን ያስታወቀው በዚህ ምክንያት ነበር። ዳታው መስታወት በሆኑ ሁለት ዲስኮች ላይ ነበር፤ ሁለቱም ላይ ተደመሰሰ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ቀጥሎ የታመመውን ዲስክ በትክክል መለየት ነው። ትልቁ አደጋ ጤነኛውን መንቀል ነው፤ ይህ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለዲስኮቹ የሚሰጣቸው ስም ሰርቨሩ ተዘግቶ ሲከፈት ሊቀያየር ይችላል፤ በግራ ያለው የግድ የመጀመሪያው አይደለም። የማይለወጠው የዲስኩ ሲሪያል ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ገና ሲተከል የእያንዳንዱ ዲስክ ሲሪያል ቁጥር በመሳቢያው ፊት ላይ በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፤ በክፉ ቀን የሰው እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ታደርጋለች።

ከዚያ ዲስኩን በሶፍትዌሩ በኩል «ወጥቷል» ብሎ ማሰናበት፣ ቀጥሎ መንቀል፣ አዲሱን መሰካት፣ የፓርቲሽን አከፋፈሉን ከነባሩ ማስገልበጥና ወደ መስታወቱ መጨመር ነው። ሰርቨሩ እየሠራ መንቀል የሚፈቀደው መሣሪያው ሆት ስዋፕ ሲሆን ብቻ ነው፤ ካልሆነ አስታውቆ ማጥፋት ይሻላል። ሁለት ነገሮች በተለይ ይረሳሉ። አንደኛው ቡትሎደሩ ነው። በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ብቻ ተጭኖ ከነበረና የወጣውም እሱ ከሆነ ዳታው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ አልነሣም ይላል። ሁለተኛው የአዲሱ ዲስክ ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ ተመሳሳይ ቴራባይት የተጻፈባቸው የተለያዩ ፋብሪካዎች ዲስኮች በሴክተር ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ መስታወቱ የዲስኩን ሙሉ ቦታ ይዞ ከነበረ በጥቂቱ ያነሰውን ዲስክ አልቀበልም ይላል።

ዓይነቱም ቢሆን ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ በሚሸጣቸው አንዳንድ የሬድ ዲስኮች ውስጥ ኤስኤምአር የተባለውን፣ ብዙ ሲጻፍበት የሚያዘግመውን፣ የአጻጻፍ ዘዴ ለገዢው ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ነበር። ሪቢልድ ማለት ደግሞ ብዙ መጻፍ ማለት ነው።

የወጣው ዲስክ ነገርም አለ። ከመስታወት የወጣ ዲስክ ቁራጭ ብረት አይደለም፤ ሙሉ ቅጂ ነው። እኛ ጋ ደንቡ ምትኩ በሞዴል 22 ከንብረት ክፍል ወጪ ሲሆን አሮጌው ይመለስ ይላል። ጥሩ ነው፣ ንብረት ይጠበቅ። ነገር ግን ሳይደመሰስ የተመለሰ ዲስክ የመላው ተማሪ ውጤት በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ይደምሰስ፤ መደምሰስ ካልተቻለ ተበስቶ ይመለስ።

«የሚሠራ ዕቃ ለምን ይጣላል?»

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። አንዳንዶች «የውጭ ምንዛሪ እንዲህ በቸገረበት አገር ገና የሚሠራን ዲስክ አውጥቶ መጣል ቅንጦት ነው» ይላሉ። ለዚህ መልሴ ዲስኩ አይጣል የሚል ነው። ተደምስሶ ለላብ ይሰጥ፤ የታመመ ዲስክ ለተማሪ ከጤነኛው የበለጠ ያስተምራል። የስማርት ቁጥሩ ሲጨምር፣ የንባቡ ፍጥነት ሲወርድ በዓይናችን እናያለን። ከዚህ ውጪ ግን የአንድ ዲስክን ዋጋ ከጠፋ ዳታ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ ሁለተኛው ሂሳብ በብርም አይቆጠርም።

ሌሎች ደግሞ «ሪቢልዱ ራሱ የቀረውን ዲስክ ሊገድለው ይችላል፤ ባይነካ ይሻላል» ይላሉ። እውነት አለው፤ ከላይ የገለጽሁትም ይህንኑ ነው። ግን ይህ ሐሳብ ወዴት እንደሚያደርሰን እንይ። የማይነካ መስታወት አንድ ቀን ራሱ ይሰበራል። ሪቢልድ አደገኛ ከሆነ፣ አደጋውን ባክአፕ ይዘን፣ ሁለቱም ዲስኮች እየተነበቡ፣ ቀንና ሰዓት መርጠን ብንቀበለው ይሻላል ወይስ በፈተና ሰሞን ባላሰብነው ሌሊት? ደግሞም የተደበቁ ሴክተሮችን አስቀድሞ የማግኛ መንገድ አለ። በዴቢያን ላይ ኤምዲአድም ሲጫን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ፍተሻ አብሮ ይመጣል። ሰርቨሩን ቅዳሜና እሑድ የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ግን ያንን ፍተሻ ሳያውቅ ያስቀረዋል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው «ሁሉም ነገር ወደ ክላውድ እየሄደ ነው፤ ዲስክ መቀየር የድሮ ሥራ ነው» የሚለው ነው። ክላውድም እኮ ዲስክ ላይ ነው ያለው። እዚያም የሚቀይር ሰው አለ፤ ልዩነቱ እሱን አለማየታችን ነው። እኛ ተመርቀን የምንሄድባቸው ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ የራሳቸው ሰርቨር ክፍል አላቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ብርቱካናማዋን መብራት የሚያየው ሰው እኛው ነን።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለዲፓርትመንታችን አራት ነገር ማቅረብ እወዳለሁ። ሁሉም በጀት የሚያናጋ አይደለም።

1ኛ፣ መስታወት ያለው ሰርቨር ሲገዛ ሦስተኛ ዲስክ በዚያው ግዥ ይካተት። በአንድ ሞዴል 19 ሦስቱም ገቢ ይሁኑ፤ ሦስተኛው ግን ንብረት ክፍል ተቆልፎ ከሚቀመጥ ሰርቨሩ አጠገብ ይቀመጥ። የጥገና ጊዜን ከወራት ወደ ሰዓታት የሚያወርደው ይህ ብቻ ነው። የሚቻል ከሆነ ሁለቱ የሚሠሩት ዲስኮች ከተለያየ ካርቶን ይሁኑ።

2ኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ባለቤት በስም ይመደብ፤ እሱ በሌለበት የሚተካውም ይታወቅ። «አይቲ ክፍሉ ያየዋል» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። የመስታወቱ ማስጠንቀቂያ ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ኢሜይል ይላክ፤ በሴሚስተር አንዴም ሆን ተብሎ የሙከራ መልእክት ይላክና መድረሱ ይረጋገጥ።

3ኛ፣ የማስጠንቀቂያ ጩኸት የሚጠፋው ዲስኩ ሲቀየር ብቻ ይሁን። ከዚያ በፊት ማጥፋት የግድ ከሆነ ያጠፋው ሰው ስምና ቀን ተጽፎ በሰርቨሩ በር ላይ ይለጠፍ።

4ኛ፣ ዲስክ መቀየር የላብ ፈተና ይሁን። ለዚህ አዲስ ሰርቨር አያስፈልግም። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ባለ 1 ጊጋባይት ሁለት ዲስኮችን መስታወት ማድረግ፣ አንዱን መንቀል፣ ሦስተኛውን ማስገባት፣ ግልበጣውን መከታተልና በመጨረሻ ሰርቨሩ በአዲሱ ዲስክ ብቻ መነሣቱን ማሳየት በሁለት ሰዓት ላብ የሚያልቅ ሥራ ነው። ነጥብ ይሰጠው። መምህራኖቻችን ይህን ቢያደርጉልን ሬይድ አንድን ከነትርጉሙ ይዘን እንወጣለን፤ ካልሆነ ግን ትርጉሙን በቃል የሚያውቅ፣ መብራቷን ሲያይ ግን የሚደነግጥ ተመራቂ ነው የምንሆነው።

እነዚህ አራቱ ተደርገውም ዲስክ መሞቱን አያቆምም። ዲስክ ይሞታል፤ የተሠራው ለዘላለም አይደለም። በእኛ እጅ ያለው ሞቱ ድንገተኛ መርዶ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ለማንም አይጠቅምም፤ ጅቡ ገና አጥር ሲነቀንቅ ጩኸቱን ሰምተን እንነሣ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ የጨረሳችሁ ሁሉ፣ በተለይ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ መብራቷን እዩልኝ። አረንጓዴ ከሆነች እሰየው፤ ብርቱካናማ ከሆነች ግን ለነገ አትበሉ።

ቸር ይግጠመን!